ማሲንቆና ታሪክ ነጋሪ ዘፈን፤ ከካራቆሬ የተማርነው

(በተማሪዎች ማኅበር የባህል ክበብ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



የክበቡ ሹማምንት ስለ ማሲንቆና ስለ ክራር እንድንናገር በጠየቁን ጊዜ በመጀመሪያ ደስ አለን፤ ቀጥሎ ግን ጥቂት አፈርን። ደስ ያለን ነገሩን ስለምንወደው ነው። ያፈርንበት ምክንያት ግን በዚሁ ጉዳይ ላይ አንድ ስሕተት ሠርተን ስለ ነበረ ነው። ስሕተታችንን ደብቀን ስለ ባህል ክብር ብንናገር ንግግራችን ባዶ ይሆናል ብለን አሰብን። ስለዚህ እርሱንም ጨምረን እንነግራችኋለን። በመጨረሻም ማኅበራችን ሊወስነው የሚገባ አንድ ጉዳይ እናቀርብላችኋለን።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ፤ ጣርማበርን ተሻግሮ፤ ከደብረ ሲና ወደ ቆላው ይወርዳል። ሸዋ ሮቢትን፤ ሰንበቴንና አጣዬን ካለፈ በኋላ ካራቆሬ ይደርሳል። አገሩ ይፋት ነው። ደገኛው ከቆለኛው፤ ክርስቲያኑ ከእስላሙ፤ አማራው ከኦሮሞው፤ ከአርጎባውና ከአፋሩ በገበያ የሚገናኝበት አገር ነው። በእሑድ የሰንበቴ ገበያ፤ ከዚያም ርቆ በሰኞ የባቲ ገበያ ይቆማል። ሰው ወደ ገበያ ሲሄድ እህልና ከብት ብቻ ይዞ አይሄድም፤ ወሬና ዜማም ይዞ ይሄዳል። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፤ ባቲና አምባሰል፤ በዚሁ መንገድ ወደ ፊት በሚገኙ የወሎ አገሮች ስም መጠራታቸው የሚያስገርም አይደለም።

ካራቆሬ በሌላም ነገር ትታወቃለች። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በዚያ አካባቢ ብርቱ የምድር መንቀጥቀጥ ሆኖ የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ ካራቆሬም ተጎዳች፤ አውራ ጎዳናውም ተሰነጣጠቀ። በዚያ አገር ያሉ ሽማግሌዎች ዘመን ሲቆጥሩ «ከመንቀጥቀጡ በፊት» ወይም «ከመንቀጥቀጡ በኋላ» ሲሉ ሰምተናል። እኛ የሰማነውም ዘፈን «ከመንቀጥቀጡ በፊት» የሆነ ነገር የሚያወሳ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ ያለው ነው። አውታሩ ከፈረስ ጭራ ይሠራል፤ ሣጥኑ ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ በቆዳ ይለበጣል፤ መምቻው ደጋንም እንዲሁ በጭራ የተወጠረ ነው። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን አውታሩ ላይ ያሳርፋል እንጂ አውታሩን ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም። በአንገቱም ላይ «ድምፁ እዚህ ነው» የሚል ምልክት የለም። ስለዚህ ጣቱ ጉሮሮውን ይከተላል። ድምፁ ቢለሰልስ ማሲንቆው ይለሰልሳል፤ ድምፁ ቢያዘነብል ማሲንቆው አብሮ ያዘነብላል።

ክራር ደግሞ አምስት ወይም ስድስት አውታር አለው። ቀድሞ አውታሩ ጅማት ነበረ፤ ዛሬ ናይሎን ወይም ሽቦ ነው። የሚቃኘውም በላይኛው አግዳሚ እንጨት ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ በማዞር ነው። በክራር ላይ የቅኝቶቹ ዝምድና በዓይን ይታያል። በሜጀር ትዝታ ከተቃኘው ክራር ላይ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ድምፅ በግማሽ ያህል ዝቅ ብናደርግ ማይነር ትዝታ ይሆናል። እነዚያኑ የማይነር ትዝታ ድምፆች ሳንነካ ከአራተኛው ተነስተን ቤታችንን እዚያ ብናደርግ አምባሰል እናገኛለን። እንዲሁም የሜጀር ትዝታን ድምፆች ከአምስተኛው ብንጀምር ማይነር ባቲ ይመጣል። ድምፆቹ አንድ ሆነው ሳለ ማረፊያው ሲለወጥ ስሜቱ ሁሉ ይለወጣል። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ በአገሩ ተጫዋች ጆሮ ግን ልኩ ከፒያኖ ልክ ጋር ሁልጊዜ እኩል አይደለም።

በዓለም ላይ ታሪክን በዜማ የማይነግር ሕዝብ ጥቂት ነው። በአሜሪካ በአፓላሺያ ተራሮች የሚኖሩ ገበሬዎች አያቶቻቸው ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ይዘዋቸው የመጡ ረጃጅም ታሪክ ነጋሪ ዘፈኖች አሏቸው። ደልሲመር የሚባል በጉልበት ላይ ተጋድሞ የሚመታ ጠባብ የእንጨት መሣሪያም አላቸው። ሦስት ወይም አራት አውታር ሲኖረው፤ በአንዱ ላይ ዜማው ይመታል፤ የቀሩት ሳይለወጡ እንደ ንብ ያንጎራጉራሉ። እንግሊዛዊው ሴሲል ሻርፕ ከረዳቱ ከሞድ ካርፕለስ ጋር ከ1916 እስከ 1918 እ.ኤ.አ. በእነዚያ ተራሮች እየተዘዋወረ ግጥሙንና ዜማውን በጽሑፍ አሰባሰበ። ከዚያ በኋላ ከኬንታኪ ተራራ የወጣችው ዣን ሪቺ፤ ከአሥራ አራት ልጆች የመጨረሻዋ፤ ደልሲመርን ይዛ የቤተሰቧን ዘፈኖች ለዓለም አሰማች። በ1955 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ዘፈኖቹን እንደ ዕቃ ዝርዝር አልደረደረቻቸውም፤ የቤተሰቡን ኑሮ እያወራች፤ ዘፈኑ በተዘፈነበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ይህን ነገር ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የእነርሱ ታሪክ ነጋሪ ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ ይተርካል፤ ሰውየው መጣ፤ እንዲህ አለ፤ እንዲህ ሆነ፤ ሞተ። የእኛ ግን እንዲህ አይደለም። የአዝማሪ ዘፈን በስንኝ የሚሄድ ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ ቤት መትቶ በራሱ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜም ሰምና ወርቅ አለው። ስንኙ ታሪኩን አይተርክም፤ ታሪኩን ይነካዋል። የሚሰማው ሰው ነገሩን አስቀድሞ ስለሚያውቅ «እሰይ» ይላል። የማያውቀው ግን ዜማውን ብቻ ይሰማል። በዚያው በይፋትና በወሎ ነገሩን በተራ የሚተርክ ዜማ ስንፈልግ ቀርቦ የሚገኘው መንዙማ ነው፤ አውጪው ይላል፤ ጀማው ይቀበላል፤ ድቤው ይመታል፤ የነቢዩና የደጋጎቹ ታሪክ ይወሳል። የወሎው ሼህ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር የመሳሰሉት ሊቃውንት በአማርኛ የገጠሙት መንዙማ በዐረብኛ ፊደል ይጻፍ ነበር። ስለዚህ «ከአማርኛ ዘፈን ታሪክ የሚነግር የለም» የሚል ሰው ቢኖር አልሰማም እንጂ የለም ማለቱ አይደለም።

አሁን ስሕተታችንን እንናገር።

አራት ሆነን በዕረፍት ጊዜ ወደ ካራቆሬ ወረድን። አንድ ማሲንቆ የሚጫወቱ ሽማግሌ እንዳሉ ሰምተን በቤታቸው ተቀበሉን። ስማቸውን አንጠራም፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ቡና ተፈላ፤ ጋሼም ከአባታቸው የሰሙትን አንድ ዘፈን ጀመሩ። በክረምት ወንዝ ሞልቶ ሳለ ወደ ሠርግ ሊሻገር ስለ ሞከረ አንድ ጐበዝ የተዘፈነ ነው። ጋሼ ሁለት ሦስት ስንኝ ይሉና ደጋኑን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ያወሩናል፤ ሙሽራይቱ የማን ልጅ እንደ ነበረች፤ በቅሎዋ ለምን ወደ ኋላ እንዳፈገፈገች፤ ከወንዙ ማዶ ማን ቆሞ እንደ ነበረ። እንደገና ማሲንቆውን ያነሳሉ።

ከእኛ አንዱ የድምፅ መቅጃውን ይዞ ነበር። ጋሼ ማውራት በጀመሩ ቁጥር ባትሪ እንዳያልቅብን ብሎ ያጠፋዋል፤ ማሲንቆው ሲነሳ ያበራዋል። እኛም አይተን ዝም አልን፤ እንዲያውም ብልሃት መሰለን። እኛ የመጣነው ዘፈኑን ልንወስድ ነውና ወሬው ትርፍ መስሎ ታየን።

ወደ መኝታ ክፍላችን ተመልሰን ስንጽፈው ሠላሳ አንድ ስንኝ ሆነ። ለጓደኞቻችን አነበብነው። አንዲት እኅታችን «የተሻገረው ማን ነው? የቀረውስ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። እርስ በርሳችን ተያየን። አንዱ «ወንድሙ ነው» አለ፤ ሌላው «ሚዜው ነው» አለ። ከሠላሳ አንዱ ስንኝ ውስጥ ሃያውን ያህል አልተረዳናቸውም። ዜማው በእጃችን ነው፤ ግጥሙ በእጃችን ነው፤ ዘፈኑ ግን ካራቆሬ ቀርቷል።

ስለዚህ ተመልሰን ሄድን። ነገሩን ለጋሼ ስንነግራቸው ሳቁና «ልጆቼ፤ ሥጋውን ትታችሁ አጥንቱን ነዋ የወሰዳችሁት» አሉን። ቆጡ ብለን ፈርተን ነበር፤ አልቆጡም። እንደገና ይጫወቱት ጀመር። በዚህ ጊዜ መቅጃውን ማንም አልነካውም።

ነገር ግን ዘፈኑ እንደ ፊተኛው አልሆነም። የስንኞቹ ተራ ተለወጠ። ከፊተኞቹ ዘጠኙ አልተሰሙም፤ ያልሰማናቸው አራት ተጨመሩ። እኛም የትምህርት ቤት ልጆች እንደ መሆናችን ወረቀታችንን አውጥተን «ጋሼ፤ የትኛው ነው ትክክለኛው?» አልናቸው።

ጋሼ ወዲያው አልመለሱልንም። በቤቱ ማዕዘን ቡና የምታፈላ አንዲት አሮጊት ነበረች። ተነሥታ ጀበናውን ይዛ ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠበቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉን፦ «የዚያን ቀን እናንተ ብቻ ነበራችሁ። ዛሬ ግን የዚያ እጁን የለቀቀው ሰውዬ የእኅቱ ልጅ ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ ያንን ልበል?»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባን። ዘጠኙ ስንኞች በወንዙ መካከል የጓደኛውን እጅ ለቀቀ ስለ ተባለው ሰው ናቸው። ሰውየው ከሞተ ቆይቷል፤ ወንዙም ስንት ክረምት ሞልቶ ጐድሏል። ዘፈኑ ግን አሁንም ሰው ሊያቆስል ይችላል። ጋሼ ያን ስለሚያውቁ በእያንዳንዱ ቤት ማን እንደ ተቀመጠ አይተው ይመርጣሉ። እኛ የተሳሳተ ወይም የተረሳ ስንኝ የመሰለን፤ ለእርሳቸው የጨዋነት ሥራ ነው። በዘፈኑ ውስጥ «ትክክለኛው» የሚባል አንድ ጽሑፍ የለም፤ ታሪኩን የሚያውቅና ሰሚውን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ከዚህ ሦስት ነገር ተምረናል።

አንደኛው፤ ወሬው የዘፈኑ ክፍል ነው። ዣን ሪቺ ዘፈኖቿን በቤተሰቧ ታሪክ መካከል ያኖረችው ለጌጥ አይደለም። ያለዚያ ቃሉ ይኖራል፤ ትርጉሙ ይሞታል። የእኛ ስንኝ ደግሞ ከእነርሱ ይልቅ ዝምታው የበዛ ስለ ሆነ ወሬውን ከእነርሱ ይልቅ ይሻል። ስለዚህ ማንኛችንም ወደ አገር ቤት ሄደን ስንቀዳ፤ መሣሪያው ሲያርፍ መቅጃው አይረፍ።

ሁለተኛው፤ ስለ ቅኝቱ ነው። ባለፈው የባህል ምሽት አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ከኦርጋን ጋር አብሮ እንዲጫወት አድርገን ነበር። ድምፁ አልገጥም ሲል «ማሲንቆው ስቷል» አልን፤ ተጫዋቹም በኦርጋኑ እንዲቃኝ አስገደድነው። በዚያ ምሽት የሰማችሁት ዘፈን ልክ ነበረ፤ ግን ጉሮሮው ታንቆ ነበር። ምልክት የሌለበትን አንገት ለምልክት ማስገዛት ማለት ጣቱ ከጉሮሮው እንዲለይ ማድረግ ነው። ኦርጋን አይኑር አንልም። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ መከተል ካለበት የሚከተለው ኦርጋኑ ይሁን፤ ካልቻለም ዝም ይበል።

በዚህ ነገር የዩኒቨርሲቲያችን ትውልድ አባቶች ያደረጉትን ማስታወስ ይገባል። በ1963 እ.ኤ.አ. ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በአዲስ አበባ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ፤ ቡድኑ በዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል ተጠልሎ ኖሯል። ኋላም ተስፋዬ ለማ መራው። ከየአገሩ የመጡ የማሲንቆ፤ የክራር፤ የበገናና የዋሽንት ሰዎች በአንድ መድረክ ተቀመጡ። ቻርልስ ሳተን የሚባል የሰላም ጓድ አባል ከጌታመሳይ አበበ ማሲንቆ ተምሮ አብሯቸው ተጫወተ፤ በ1969 እ.ኤ.አ.ም አሜሪካን ዞሩ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። «አዝማሪ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ ይቆጠር በነበረበት ጊዜ አዝማሪን በክብር መድረክ ላይ አስቀመጠ። ብዙ ሰው አብሮ ሲጫወት ግን ተራውና ልኩ አስቀድሞ መወሰኑ ግድ ነው፤ ያን ጊዜ የጋሼ ዐይነቱ ምርጫ ቦታ ያጥረዋል። ስለዚህ መድረኩም ይኑር፤ ከመድረኩ ውጭ ደግሞ አንድ ማሲንቆ፤ አንድ ጉሮሮና ጥቂት ሰሚ የሚኖሩበት ቤት ይኑር እንላለን።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደው ነው፤ የዘጠኙ ስንኞች ጉዳይ።

እነዚያ ስንኞች በእጃችን ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ተቀድተዋል። በክበባችን ውስጥ ግጥሙን ሁሉ በዚህ ጋዜጣ እናትም የሚል አሳብ ቀርቦ ነበር። ከመምህሮቻችን አንዱ እንዲህ ብለው መክረውናል፤ «ለጥናት የሚሆን ነገር ሙሉ መሆን አለበት፤ የጎደለ መረጃ መረጃ አይደለም። ሽማግሌው ነገ ቢሞቱ ምን ይቀራል?» ይህን አሳብ አንንቅም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው በደረሰው ግጭት ስንቱ ቤት እንደ ተቃጠለና ስንቱ ሰው እንደ ተፈናቀለ ሁላችንም እናውቃለን። የሚሸሽ ሰው ልጁን ይይዛል እንጂ ማሲንቆውን አይዝም። ያልተቀዳ ዘፈን በአንድ ሌሊት ሊጠፋ እንደሚችል ለይፋት ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ቢሆንም መቅዳትና ማተም አንድ አይደሉም። መቅዳት ከመጥፋት ያድናል፤ ማተም ግን ጋሼ በዚያች አሮጊት ፊት ያልተናገሩትን እኛ በሺህ ሰው ፊት መናገራችን ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. ለተጫዋቹም በሥራው ላይ መብት ይሰጠዋል። እኛ ግን አዋጁ ባይኖርም እንኳ ጋሼን ከመጠየቅ የሚያድነን አልነበረም።

ስለዚህ ጠየቅናቸው። ጋሼ ብዙ አላሰቡም። «እናንተ ዘንድ ይቀመጥ። ታሪኩ እንዳይጠፋ ነው የነገርኋችሁ። እሷ በሕይወት እስካለች ግን አይነበብ» አሉን።

የተከበራችሁ መምህራን፤ ወንድሞችና እኅቶች፤ ለማኅበሩ የምናቀርበው ይህንኑ ነው። ሃያ ስድስቱ ስንኞች ጋሼ ከነገሩን ታሪክ ጋር በሚቀጥለው የጋዜጣችን እትም ይውጡ። ዘጠኙ በክበቡ ሣጥን ታሽገው ይቀመጡ፤ በላዩም ለምን እንደ ታሸጉና እስከ መቼ እንደ ሆነ ይጻፍበት፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎች «ጠፋ» እንዳይሉ። የሁለቱም ቀን ቅጂ ለጋሼ ይሰጥ፤ ለድካማቸውም የሚገባው ይከፈል። ለኦርጋን መግዣ ከተያዘው ገንዘብም ጥቂት ተቀንሶ አንድ ማሲንቆና አንድ ክራር ይገዛ፤ የሚያስተምር ሰውም ይፈለግ።

ይህን የምንጠይቀው ለጋሼ ውለታ ለመዋል ብቻ አይደለም። ከእኛ መካከል ነገ ሐኪም፤ ዳኛ፤ አስተማሪና ጋዜጠኛ የሚሆን አለ። ሁሉም የሰውን ታሪክ ሰምቶ የሚጽፍ ነው። ያን ጊዜ መቅጃውን መቼ ማጥፋት እንደሌለበት፤ አፉንም መቼ መዝጋት እንዳለበት ካወቀ፤ ያንን ከአንድ ባለ አንድ አውታር መሣሪያ ተማረው ማለት ነው።